ሌ ኮርቡዚዬ፤ የመጋደሚያው ወንበርና ያልጠየቅነው ፕላን

የሕንፃ ሥራ የሚማር ጓደኛ ያለው ተማሪ ሁሉ የሌ ኮርቡዚዬን ስም ሳይሰማ አይቀርም። ስሙን ያልሰማ እንኳ ያንን ረጅም ወንበር በመጽሔት ወይም በፊልም አይቶታል፤ ከብረት ቱቦ የተሠራ፣ ጥቁር ቆዳ የለበሰ፣ ጀርባው ወደ ኋላ የተኛ፣ ከጉልበት በታች እንደ ኮረብታ ከፍ ብሎ መልሶ የሚወርድ፣ ራስጌው ላይ ድብልብል ትራስ ያለበት ነው። ያ ወንበር የአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን የሦስት ሰዎች ሥራ መሆኑን ግን ብዙዎቻችን አናውቅም። ከሦስቱ መካከል ስሙ የገነነው ሰው በ1936 አዲስ አበባን ባዶ መሬት አድርጎ እንደገና ለመሥራት እርሳስ አንሥቶ እንደነበረም የሚያውቅ ጥቂት ነው። የሰውዬውን ሕይወት ለመጻፍ ያነሣሣኝ ይኸው ሁለተኛው ነገር ነው። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እሰጣለሁ፤ በእኛ አቆጣጠር የጻፍሁትን ዓ.ም. እጨምርበታለሁ።

ሲወለድ የወጣለት ስም ሻርል ኤድዋር ዣንሬ ነው። የተወለደው ኦክቶበር 6 ቀን 1887 በስዊስ አገር፣ በዡራ ተራሮች ላይ በምትገኘው ላ ሾ ደ ፎን በተባለች ከተማ ነው። ከተማዪቱ የሰዓት ሠሪዎች ከተማ ናት። አባቱ የሰዓት ፊት በኢናሜል እየቀባ የሚያድር የእጅ ባለሙያ ነበር፤ እናቱ ፒያኖ ታስተምር ነበር። ታላቅ ወንድሙ አልቤር ሙዚቃ ተማረ። ትንሹ ልጅ የእናቱን አድናቆት ሲያሳድድ እንደኖረ ከወጣትነቱ ጀምሮ እስከ ሽምግልናው የጻፈላት ደብዳቤዎች ያሳያሉ፤ እርስዋም ዕድሜ ጠግባ በ1960 ስለ ሞተች ደብዳቤው ረጅም ዘመን የቆየ ነው።

በከተማው የጥበብ ትምህርት ቤት ገብቶ የሰዓት ሽፋን መቅረጽ ተማረ። ዓይኑ ደካማ ስለ ነበር ግን በዚህ ረቂቅ ሥራ ዕድሜውን ሊጨርስ አልቻለም። ሻርል ሌፕላትኒዬ የተባለው መምህሩ ይህን አይቶ ወደ ቤት ሥራ መራው፤ ልጁም ገና 20 ዓመት ሳይሞላው ከሌላ ባለሙያ ጋር ሆኖ የመጀመሪያውን ቤት ሠራ። ከዚያ በኋላ በመደበኛ የሕንፃ ትምህርት ቤት ተምሮ ዲፕሎማ አልያዘም። ፈተና ለደረሰበት ተማሪ ይህ ማጽናኛ እንዳይመስለው አሳስባለሁ፤ ሰውዬው በዲፕሎማ ፋንታ እግሩንና ዓይኑን ነው ያሠራው። በ1907 ኢጣልያን ዞረ፤ በፓሪስ ኦጉስት ፔሬ ከተባለው የኮንክሪት ሊቅ ዘንድ ተቀጥሮ ሠራ፤ በጀርመን አገር በፔተር ቤረንስ ቢሮ ጥቂት ወራት ቆየ፤ በ1911 ደግሞ በባልካን አገሮች በኩል እስከ ኢስታንቡልና አቴና ተጓዘ። በሄደበት ሁሉ የሚያየውን በትንሽ ደብተር ይነድፍ ነበር። ይህን ልማድ እስኪሞት አልተወውም።

በ1914 ጦርነቱ የቤልጅግን መንደሮች ባፈራረሰ ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣለት። ስሙን ዶም ኢኖ አለው። ስድስት የኮንክሪት ዓምዶች፣ ሦስት ጠፍጣፋ ወለሎችና አንድ ደረጃ፤ ሌላ ምንም የለም። ጭነቱን የሚሸከሙት ዓምዶቹ ስለ ሆኑ ግድግዳው ከሸክም ነፃ ነው፤ ባለቤቱ ከፍርስራሹ በለቀመው ድንጋይና እንጨት እንደ ፈቀደ ይሞላዋል። በጊዜው አንድም መንደር በዚህ መንገድ አልተሠራም፤ ነገር ግን ዛሬ በአዲስ አበባም ሆነ በሸዋ ሮቢት በየመንገዱ ዳር ዓምድና ወለሉ ቆሞ ግድግዳው ገና ያልተሞላ ፎቅ ስናይ የምናየው ያንኑ አጥንት ነው።

እዚህ ላይ የይፋትን ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። በ1953 ዓ.ም. በግንቦትና ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ካራቆሬ አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ በተደጋጋሚ ሲመታ ማጀቴ ፈጽማ ፈረሰች፤ ካራቆሬም ክፉኛ ተጎዳች። ጣሪያ የተሸከመ የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ ሲናድ ጣሪያውን ይዞ ነው የሚወርደው። በወጣቱ ዣንሬ አሳብ ግን ግድግዳው ቢወድቅ ጣሪያው አይከተለውም። ታዲያ ዶም ኢኖ ለማጀቴ መድኃኒት ይሆን ነበርን? ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ዓምዱና ወለሉ የሚጋጠሙበት ቦታ በብረት በደንብ ካልታሰረ፣ ከታችም ምድር ቤቱ ያለ ግድግዳ ባዶውን በቀጭን ዓምድ ላይ ከቆመ፣ መሬት ስትወዛወዝ መጀመሪያ የሚሰበረው እርሱ ነው። ሰውዬው ደግሞ በኋላ ዘመኑ ቤትን በዓምድ ላይ ሰቅሎ ምድር ቤቱን ባዶ ማድረግን እንደ ሃይማኖት ያዘው። የይፋት መሬት ለፈረንሳይ ሜዳ በተጻፈ ሕግ አይገዛም።

በ1917 ፓሪስ ገብቶ ተቀመጠ። አሜዴ ኦዛንፋን ከተባለ ሠዓሊ ጋር ተወዳጅቶ ሥዕል ጀመረ፤ በ1920 ኤስፕሪ ኑቮ የተባለ መጽሔት አቋቋሙ። በመጽሔቱ ላይ ከዘር ሐረጉ አንድ የቆየ ስም አውጥቶ ሌ ኮርቡዚዬ ብሎ መፈረም የጀመረው በዚህ ጊዜ ነው። የአንድ ዓይኑ ብርሃን በእነዚህ ዓመታት ጠፋበት፤ ዓለም የሚያውቀው ያ ክብ ወፍራም መነጽር ለጌጥ አልነበረም። በ1922 የአጎቱ ልጅ ፒዬር ዣንሬ የሥራ ባልደረባው ሆነ። ፒዬር ዝምተኛ፣ ታታሪና ጠንቃቃ ሰው ነበር፤ አንዱ ያልማል፣ ሌላው ደግሞ ሕልሙ እንዳይፈርስ ይለካል። ቢሯቸው በሴቭር መንገድ ቁጥር 35፣ በአንድ የቆየ የካህናት ገዳም ውስጥ ያለ ረጅም ጠባብ ኮሪደር ነበር።

በዚያ ኮሪደር የተወለደው ትምህርት ባጭሩ ይህ ነው። መኪናና አይሮፕላን ሥራቸውን ያለ ትርፍ ጌጥ በትክክል እንደሚሠሩ ሁሉ ቤትም እንደዚያው ይሥራ፤ ከተማም እንደ ፋብሪካ ይደራጅ። በ1925 በፓሪስ ኤግዚቢሽን ላይ ያሳየው ፕላን የከተማዪቱን አሮጌ መካከል በሰፊው አፍርሶ በቦታው 18 ረጃጅም ሕንፃዎች ለማቆም ነበር። ፓሪሶች ሳቁበት። ያልሳቁ ሰዎች እንዲያገኝ ግን ወደ ሌላ አገር መመልከት ጀመረ፤ ይህን በኋላ እናየዋለን።

አሁን ወደ ወንበሩ እንምጣ። ሌ ኮርቡዚዬ የቤት ዕቃ የሚለው ቃል ራሱ ያስጠላው ነበር። በቤቶቹ ውስጥ የሚያስገባው ከገበያ የተገዛውን የቶኔት ፋብሪካ የእንጨት ወንበርና የእንግሊዝ የቆዳ ሶፋ ነበር። የራሱን መሥራት ሲያምረው ግን የሚችልለት ሰው አልነበረውም። በ1927 ሻርሎት ፔርያን የተባለች የ24 ዓመት ወጣት ሥዕሎቿን ይዛ ቢሮው መጣች። እርሱም በዚህ ቤት የትራስ ጥልፍ አይሠራም ብሎ መለሳት። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን በፓሪስ የመኸር ኤግዚቢሽን ላይ ከኒኬልና ከአሉሚኒየም የሠራችውን ትንሽ የመጠጥ ክፍል አይቶ ሐሳቡን ለወጠ፤ ወዲያው ቀጠራት። አሥር ዓመትም አብራው ሠራች። ፔርያን በአንገቷ ላይ እንደ ዶቃ የምታስረው የተንቆጠቆጠ የብረት ኩሽኔታ ነበር፤ እንዲህ ያለችውን ሴት ጥልፍ ጠላፊ ማለት ምን ያህል ዓይንን መጨፈን እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ሥራው የተከፈለው እንዲህ ነው። ሌ ኮርቡዚዬ ሰው ምን ምን ዓይነት አቀማመጥ እንዳለው ነደፈ፤ ቀጥ ብሎ ለመነጋገር፣ ዘና ብሎ ለመጫወት፣ ተጋድሞ ለማረፍ። ከንድፍ ወደ ብረት ማምጣት፣ መለካት፣ ሠራተኛ መፈለግ፣ ሞክሮ ማስተካከል የፔርያንና የፒዬር ፈንታ ሆነ። በ1928 ሦስት ወንበሮች ወጡ፤ ጀርባው የሚወዛወዝ ቀላል ወንበር፣ በብረት ቱቦ የታቀፈ አራት ማዕዘን የቆዳ ሶፋ፣ ሦስተኛውም የምንነጋገርበት የመጋደሚያ ወንበር ነው። ፔርያን ለቱቦው ብስክሌት የሚሠራውን የፔጆን ፋብሪካ ጠይቃ ነበር፤ ፋብሪካው ግን አልፈለገም። በ1929 በመኸሩ ኤግዚቢሽን ላይ ታዩ፤ ከ1930 ጀምሮ ቶኔት ለገበያ አወጣቸው። ዋጋቸው ውድ ስለ ነበር የገዛቸው ሰው ጥቂት ነው።

የወንበሩ ብልሃት እጅግ ቀላል ስለ ሆነ ደጋግሜ ባየው አልሰለቸውም። ሁለት የተለያዩ ክፍሎች አሉት። ታችኛው ጥቁር ቀለም የተቀባ ባለ አራት እግር መቆሚያ ነው። ላይኛው በክሮም የተነከረ ቱቦ ሲሆን ከሥሩ ሁለት ረጃጅም ቅስቶች አሉት፤ ቅስቶቹ መቆሚያው ላይ ባሉ አግዳሚ ብረቶች ላይ ያርፋሉ። አግዳሚዎቹ ጎማ ለብሰዋል። ብሎን የለም፣ ማርሽ የለም፣ ጥርስ የለም፤ የጎማውና የብረቱ ፍትጊያና የተጋደመው ሰው ክብደት ብቻ ቅስቱን በቦታው ያቆሙታል። ለመለወጥ የፈለገ ሰው ይነሣል፤ ቅስቱን ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ያንሸራትታል፤ እንደገና ይጋደማል። ከቁጭታ እስከ እግር ከራስ በላይ እስከሚሆንበት ድረስ የፈለገውን ደረጃ ያገኛል። መቆሚያውን ትቶ ላይኛውን ክፍል መሬት ላይ ቢያኖረው ደግሞ የሚወዛወዝ ወንበር ይሆንለታል።

ዋናው ነገር ግን ይህ ነው። ከእርሱ በፊት የነበሩት የሚስተካከሉ ወንበሮች፣ ለምሳሌ በ1860ዎቹ የእንግሊዝ የሞሪስ ድርጅት የሸጠው፣ መደገፊያቸው በማጠፊያ ይወርድና ይወጣል። መደገፊያው ሲወርድ በጀርባና በጭን መካከል ያለው ማዕዘን ይለወጣል፤ ሰውዬውም ቀስ በቀስ ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ ሸሚዙም ይሰበሰባል። በዚህኛው ግን የአካሉ ቅርጽ አንድ ጊዜ በደንብ ተለክቶ ተወስኗል፤ ጉልበት ታጥፏል፣ ወገብ ተደግፏል፣ አንገት ትራስ አግኝቷል። ከዚያ በኋላ የሚለወጠው ቅርጹ ሳይሆን የቅርጹ ዝንባሌ ብቻ ነው። ሰው ከነአቀማመጡ እንዳለ ይዞራል። ለዚህ የተለየ ዘዴ መፍጠር አላስፈለጋቸውም፤ የክብ ቅስት ያለውን ጠባይ ተጠቀሙበት፤ ቅስት የትም ቦታ ቢደገፍ ያው ቅስት ነው።

ሸራ የለበሰ አለ፤ ለስላሳ ቆዳ የለበሰ አለ፤ ፀጉሩ ያልተላጠ ቆዳ የለበሰም አለ። የመጨረሻው በፓሪስ እንደ ትልቅ አዲስ ነገር ታየ፤ የእኛ ሰው ግን ቁርበት ብሎ ከጥንት ጀምሮ ተኝቶበታል። መኝታው በብረቱ ላይ የተወጠረው በሞላ ነው። የይፋት ቆላ ሰው በሙቀቱ ወራት ደጅ አውጥቶ ጥላ ሥር የሚጋደምበት የጠፍር አልጋም በመሠረቱ ከዚህ አይርቅም። ጠፍሩ እርጥብ ሳለ ተወጥሮ ይጠለፋል፤ ሲደርቅ ይጠነክራል፤ ከዚያ በኋላ በተኛው ሰው ልክ ቀስ እያለ ይረግባል፤ በጣም ሲረግብ እንደገና ይጠበቃል። ልዩነቱ የጠፍር አልጋ አካልን የሚማረው ከዓመታት መኝታ በኋላ መሆኑ ነው፤ የፔርያን ወንበር ግን አስቀድሞ አጥንቶ ይጠብቃል። የትኛው ይሻላል ቢባል ወገባቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ ቢጠየቁ ይሻላል።

በዘመኑ የታተመ አንድ ፎቶግራፍ አለ። ፔርያን ራሷ ወንበሩ ላይ ተጋድማ እግሯን ሰቅላ ትታያለች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው ስላዞረች አይታይም። ፎቶግራፉ ወንበሩን ለማሳየት የተነሣ ነው፤ ሆኖም ብዙ ዓመት የተፈጸመባትን ነገር አስቀድሞ የሚናገር ይመስላል። በ1929 የተመዘገበው የፈጠራ መብት ላይ የሦስቱም ስም ሰፍሮ ሳለ ወንበሩ ለአሥርታት ዓመታት የሌ ኮርቡዚዬ ወንበር ተብሎ ብቻ ኖረ። በትልልቅ ሙዚየሞች ሦስቱን ስም አብሮ መጻፍ የተለመደው ብዙ ዘግይቶ ነው።

በ1930 ኢቮን ጋሊን አገባ፤ በዚያው ዓመት ፈረንሳዊ ዜግነት አገኘ። ልጅ አልወለዱም። በ1931 ያለቀው በፑዋሲ የሚገኘው የሳቮዋ ቤት ከቤቶቹ ሁሉ የታወቀ ነው፤ በቀጭን ዓምዶች ላይ የቆመ ነጭ ሣጥን ነው። ጣሪያው ግን ያፈስስ ነበር። ባለቤቲቱ ወይዘሮ ሳቮዋ ዓመት በዓመት የአቤቱታ ደብዳቤ ይጽፉለት ነበር፤ ሊከሱትም ዝተው ሳሉ ጦርነቱ መጣና ነገሩ ቀረ።

ፓሪስ ፕላኑን አልቀበልም ካለች በኋላ ሌ ኮርቡዚዬ ሥልጣን ወዳለበት ሁሉ ፊቱን አዞረ። ለሞስኮ ነደፈ፤ ለአልጀርስ ነደፈ፤ ለሪዮ ነደፈ። ትልቅ ከተማ አፍርሶ ለመሥራት ብዙ ሰው ማሳመን ከባድ ነው፤ አንድ ኃይለኛ ገዥ ማሳመን ግን ይቀልላል ብሎ ያስብ እንደ ነበር ሥራው ይመሰክራል። በ1934 ሮማ ተጋብዞ ንግግር አደረገ፤ ሙሶሊኒን አግኝቶ ሥራ ለመቀበል ቢሻም አልተሳካለትም።

ሜይ 5 ቀን 1936፣ በእኛ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ከተማዪቱ ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት በዝርፊያና በቃጠሎ ተጎድታ ነበር። በክረምቱ አርበኞች ከተማዋን ለማስለቀቅ ከየአቅጣጫው አጠቁ፤ ሐምሌ 22 ቀን አቡነ ጴጥሮስ በአደባባይ ተገደሉ። ሌ ኮርቡዚዬ ለአዲስ አበባ የሚሆን ንድፍ ሠርቶ አገልግሎቱን ለኢጣልያ ባለሥልጣኖች በደብዳቤ ያቀረበው በዚሁ ዓመት ነው። ማንም አላዘዘውም። አገሪቱንም ረግጧት አያውቅም።

ንድፉ የእርሳስ ንድፍ ነው፤ ዝርዝር የለውም። ይህ ራሱ ብዙ ይናገራል። ከተማዪቱን ቀጥ ብሎ የሚሰነጥቅ ሰፊ አውራ መንገድ አለ፤ የገዥዎቹ ሰፈርና የአገሬው ሰው ሰፈር ተለያይተዋል። ከመስመሮቹ ሥር ያለው መሬት ባዶ ነው። አራዳ የለም፤ የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንና በዙሪያው ያለው ገበያ የለም፤ በየኮረብታው በየመኳንንቱ ግቢ ዙሪያ ያደጉት ሰፈሮች የሉም። ከ1886 ጀምሮ የተቆረቆረች ከተማ እንዳልተፈጠረች ሆና ቀረች። ሰው ሲጋደም ጉልበቱ በስንት ማዕዘን መታጠፍ እንዳለበት በጥንቃቄ ካጠና ቢሮ የወጣ ወረቀት መሆኑን ሳስብ ነገሩ ይከብደኛል። ለወንበሩ አካል ተለክቷል፤ ለከተማዪቱ ግን አንድም ሰው አልተጠየቀም።

ተከራካሪ ይኖራል። ፓሪስንም ሊያፈርስ ፈልጎ ነበር፤ ስለዚህ እኛን ለይቶ አልናቀም የሚል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ሙግቱ ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የሚሄደው። የፓሪስ ሰው ፕላኑን አይቶ በጋዜጣው ሊስቅበት ይችል ነበር። የአዲስ አበባ ሰው ፕላኑን የማየት መብትም አልነበረውም፤ የሚስቅበት ጋዜጣም አልነበረውም። ደግሞም የፓሪሱ ፕላን ነዋሪውን በዘር አይከፍልም ነበር።

ኢጣልያኖች ሥራውን አልሰጡትም። የእርሱን ርዳታ ባይቀበሉም አሳቡ ለእነርሱ እንግዳ አልነበረም። የከተማውን ፕላን የሠሩት ኢኛሲዮ ጉዊዲና ቼዛሬ ቫሌ ሲሆኑ፣ እነርሱም ነጩን ከጥቁሩ ለይተው ነው የነደፉት። የአራዳው ገበያ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሄደው፣ መርካቶ የሚለውም የጣልያን ስም የተተከለው በዚያ ጊዜ ነው። ለአዲስ አበባ ሐሳብ ካቀረቡት ሌሎች ኢጣልያኖች መካከል ጂዮ ፖንቲ ይገኛል፤ እርሱም በ1957 በአንድ ጣት የሚነሣ፣ 1.7 ኪሎ ብቻ የሚመዝን ወንበር ሠርቶ የታወቀው ነው። ወንበር ሠሪዎች በእኛ ከተማ ላይ ምን እንዳሳሰባቸው እንጃ። ወረራው አምስት ዓመት ብቻ ስለ ቆየ ከፕላኑ አብዛኛው ወረቀት ሆኖ ቀረ። ከዚያ ዘመን ለይፋት የደረሰው የደሴ መንገድ ነው፤ ጣርማ በርን በዋሻ አልፎ በደብረ ሲና ወደ ሸዋ ሮቢት፣ ከዚያም ወደ ካራቆሬ የሚወርደው። እርሱም የተሠራው ለጦር መኪና ነበር።

ፔርያን በ1937 ቢሮውን ለቀቀች። በ1940 የጃፓን መንግሥት ጋብዟት ሄዳ እዚያ የመጋደሚያውን ወንበር በቀርከሃ ሠራችው። ብረቱ ሲወጣና ቀርከሃው ሲገባ አሳቡ አልተበላሸም፤ እንዲያውም ቀርከሃ በራሱ ስለሚለጠጥ ሞላ አላስፈለገውም። ቀርከሃ በእኛም አገር በደጋው ሞልቷል፤ ለእጅ ባለሙያዎቻችን ይህኛው ከብረቱ ይልቅ የሚቀርብ ይመስለኛል።

በዚያው በ1940 ፈረንሳይ በጀርመን እጅ ስትወድቅ የሁለቱ ዣንሬዎች መንገድ ተለያየ። ፒዬር ከአርበኞች ጋር ወገነ። ሌ ኮርቡዚዬ ወደ ቪሺ መንግሥት ሄዶ ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል ደጅ ጠና፤ የአልጀርስን ፕላን ሊያስፈቅድ ነበር። በ1942 ተስፋ ቆርጦ ተመለሰ። ስለዚህ የ1936ቱ ደብዳቤ የአንድ ቀን ስሕተት ነበር ማለት አይቻልም። ፋሺስት ነበር ወይስ ሥራ ፈላጊ ብቻ የሚለው ክርክር በአውሮፓ እስከ ዛሬ አላለቀም። ለእኛ ብዙ የሚለውጥ አይመስለኝም፤ የሚፈርሰው ቤት አፍራሹ በምን እምነት እንዳፈረሰው አይጠይቅም።

ከጦርነቱ በኋላ ክብር በክብር ላይ መጣለት። በማርሴይ ከ1947 እስከ 1952 ባለ 337 መኖሪያ አንድ ትልቅ ሕንፃ ሠራ፤ ለወጥ ቤቶቹ ፔርያን ረዳችው። ሕንፃውን የለካው ሞዱሎር ባለው የራሱ መለኪያ ነው። የመለኪያው ሰው ቁመት መጀመሪያ 1.75 ሜትር ነበር፤ በኋላ 1.83 አደረገው፤ ምክንያቱም በእንግሊዝ የወንጀል ልብ ወለዶች ውስጥ መልከ መልካም ፖሊሶች ሁልጊዜ ስድስት ጫማ ስለሚሆኑ ነው። ቀልድ አይደለም፤ በይፋ የሰጠው ምክንያት ይህ ነው። ለሰው ልጅ ሁሉ ይሆናል የተባለው ልክ ሴትን አልጠየቀም፤ ከይፋት ገበሬም አንድ አልተለካም።

በ1955 በሮንሻን ያለቀችው ቤተ ጸሎት ግን ይህን ሁሉ የሠራው ያው ሰው ነው ብሎ ለማመን ያስቸግራል። ቀጥ ያለ መስመር የለባትም፤ ጣሪያዋ እንደ ሸርጣን ቅርፊት ነው። በሕንድ አገር ደግሞ ላሆር ለፓኪስታን ከደረሰ በኋላ ፑንጃብ አዲስ ዋና ከተማ ስለፈለገች በ1951 የቻንዲጋር ፕላን ተሰጠው። ዕድሜውን ሙሉ የተመኘውን ከተማ ያገኘው ከወራሪ ሳይሆን ነፃነቱን ገና ካገኘ ሕዝብ መንግሥት ነው። እዚያም ቢሆን ለከተማው ሲባል የተነሡ መንደሮች አሉ። ከተጣላው ፒዬር ጋር እንደገና የተገናኙት በዚህ ሥራ ነው። ሌ ኮርቡዚዬ በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል ብቅ ሲል ፒዬር ግን ለ14 ዓመታት ያህል እዚያው ኖረ፤ ለቢሮዎቹም ከአገሩ ጣውላና ከተጠለፈ ሸምበቆ ርካሽ ወንበሮች አሠራ። እነዚያ የጸሐፊዎች ወንበሮች ዛሬ በአውሮፓ ጨረታ ሀብታሞች ይሻሙባቸዋል።

ሚስቱ በ1957 ሞተች። እርሱ የክረምቱን ወራት በፈረንሳይ ደቡብ፣ በካፕ ማርታን ባሕር ዳር በሠራት በአንዲት የእንጨት ጎጆ ያሳልፍ ነበር። ዓለምን በረጃጅም ፎቅ ሊሞላ የተነሣው ሰው ለራሱ የመረጠው 3.66 በ3.66 ሜትር የሆነች አንዲት ክፍል ነው። ኦገስት 27 ቀን 1965 ሐኪሙ የከለከለውን ዋና ሊዋኝ ባሕር ገባ፤ ልቡ ተሸነፈና በ77 ዓመቱ ሞተ። ሬሳው ፓሪስ መጥቶ በሉቭር አደባባይ የመንግሥት ሽኝት ተደረገለት፤ ከሕንድ የጋንጅስ ውኃ፣ ከአቴናም አፈር መጣለት። በ2016 በሰባት አገሮች ያሉ 17 ሥራዎቹ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነው ተመዘገቡ።

ወንበሩ ከቶኔት በኋላ ተረስቶ ነበር። በ1959 ሃይዲ ዌበር የተባለች የዙሪክ ሴት አስፈቅዳ እንደገና አሠራችው፤ በ1964 ደግሞ ፈቃዱ ለኢጣልያው ካሲና ፋብሪካ ተላለፈ። ካሲና እስከ ዛሬ ሚላኖ አጠገብ ይሠራዋል፤ እያንዳንዱም ቁጥር ይታተምበታል። ሁለቱ ዣንሬዎች ከሞቱ በኋላ ፋብሪካው መጠኑንና አሠራሩን የሚጠይቃት ፔርያንን ነበር። ስለ ቱቦው፣ ስለ ቆዳው፣ ስለ ጎማው እየመጣች ታያለች፤ ያልተስማማትን ታስለውጣለች። እርስዋም ኦክቶበር 27 ቀን 1999 በ96 ዓመቷ ፓሪስ ውስጥ አረፈች።